ለንቃቃት አገር አንድ ተራራ

መካነ ሰላም፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ወሬ ላርም። አእምሮዬን አልሳትሁም። «መምህርት የሻለም ውሃ በጠፋበት ጊዜ በሳፋ እየሞላች ለፀሐይ ታጠጣለች» የሚል ወሬ በገበያው እንደሚዞር ጎረቤቴ በዛች ነግራኛለች። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአውቶቡሱ ረዳት ቢያድግልኝም ወሬውን ጨምሮ እንደሚያደርስልሽ አልጠራጠርም። ደብዳቤው ይታሸጋል፣ የእሱ አፍ ግን አይታሸግም።

ሳፋውን ግቢው መካከል ማስቀመጤ እውነት ነው። ውሃ መሙላቴም እውነት ነው። ምክንያቱን ግን አንቺ ታውቂያለሽ። ለስልክ ጨዋታ በምትፈጥሪው የበረሃ አገር ውስጥ አንድ ኩሬ ምን ያህል ቶሎ ይደርቃል ብለሽ ጠይቀሽኛል። አላውቅም ነበር። የማላውቀውን በግምት መመለስን ደግሞ አስተማሪዎቼ ገና በልጅነቴ በአርጩሜ አስተውኛል። ስለዚህ ሳፋውን ሞልቼ ጎኑን በምስማር ጫርሁና ጠዋት ማታ አየዋለሁ። ንፋስ ያለበት ቀን ፀሐይ ብቻ ካለበት ቀን የበለጠ ውሃ ይወስዳል። ይህን ጻፊው። አገሩ ለጨዋታ የሚሠራ ቢሆንም ንፋሱ እውነተኛ ይሁን።

ጎረቤታችን ጀብሪል ከሱቁ ሲመለስ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ አየኝ። አስተምሬዋለሁና ዛሬም እጁን ሳያወጣ መናገር የሚፈራ ይመስላል።

«መምህርት፣ ወላሂ ይህ ውሃ ለሻይ ይሆን ነበር» አለኝ።

«ለሳይንስ ነው» አልሁት።

«ሳይንስ ሻይ አይጠጣም?»

«በሳፋ አይጠጣም።»

እየሳቀ ሄደ። ማታ ግን ሳልጠራው መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጭረቱን አየና «ወርዷል» አለ። አሁን በየቀኑ ይመጣል። ሲያልፍም «ፀሐያችን ዛሬ ምን ያህል ጠጣች?» ይለኛል።

አሁን ሰላምታ። እንደምን ከረምሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ጆሮዬ ስልክ አይወድም፤ ሌላው ሁሉ በቦታው ነው። ስልክ ስለማላነሣ ተቀይመሽ እንደሆነ ይቅርታ አድርጊልኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሽ ቃል ከምሰማ ሙሉ ደብዳቤ ብጠብቅ ይሻለኛል። ቧንቧችን በሰፈር ተራ ነው። ተራችን ሲደርስም አንዳንዴ አየር ብቻ ይተነፍሳል።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ለአገሩ «ንቃቃት» ያልሽው ስም ጥሩ ነው፤ የደረቀ መሬት ሲሰነጠቅ ያየ ሰው ሁሉ ይገባዋል። ካርታው ግን አይሆንም። ወንዙ ከሜዳ ተነሥቶ በሜዳ ይሄዳል። ከየት መጣ? ወንዝ አባት አለው፤ አባቱ ተራራ ነው። ተራራ ንፋሱን አቁሞ ዝናቡን በአንድ ጎኑ ያወርደዋል፤ በሌላው ጎኑ የሚያልፈው ደረቅ ንፋስ ነው። በረሃሽ የሚገኘው በዚያኛው ጎን ነው። መጀመሪያ ተራራውን አስቀምጪ፣ በረሃው ራሱ ይመጣል።

ንጉሡ ምን ዓይነት ሰው ይሁን ላልሽው፣ ንጉሥ አያስፈልግሽም። እኔ በተወለድሁበት፣ አጅባር አጠገብ፣ የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍል ሰው ነበረን። የውሃ አባት ይባላል። ተራ የሚሰጠው እሱ ነው፣ የተጣላ የሚያስታርቀውም እሱ ነው። የራሱ ማሳ ግን ውሃ የሚያገኘው ከሁሉ በኋላ ነው። ውሃ ያነሰ ዓመት የሚደርቀው የእሱ ማሳ ነበር፤ ሰውም ማሳውን እያየ ያምነው ነበር። አገርሽን እንደዚህ ላለ ሰው ስጪ።

ስለ ወንድምሽ ለጠየቅሽኝ፣ አዲስ ነገር የለም። በእውቀቱ ከጥምቀት በኋላ ከጀብሪል ልጅ ከፋሩቅ ጋር ሳዑዲ እገባለሁ ብሎ በአፋር መንገድ ከወጣ ወዲህ የሰማነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከሎጊያ፣ በጀብሪል ስልክ። «ለእትዬ ደህና ነው በሉልኝ፣ ሙቀቱ ነው እንጂ ሰዉ ደግ ነው» አለ። ከሎጊያ ወዲያ ያለውን መሬት በዚህ ቤት ጠረጴዛ ላይ በካርታ አስተምሬዋለሁ። ስለ በረሃሽ ስትጠይቂኝ ቶሎ የምመልሰው፣ ሳፋም የምሞላው፣ ሌላ ላደርግ የምችለው ነገር ስለሌለ ነው።

የአባትሽ አክስት
የሻለም


አዲስ አበባ፣ የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ የሻለም፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? ቢያድግልኝ ወሬውን ያደረሰልኝ ከደብዳቤው በፊት ነው። «አክስትሽ ፀሐይን ማጠጣት ጀምረዋል፣ ጨረቃን ምን ሊያበሏት ነው?» እያለ በመናኸሪያው ያለውን ሰው ሁሉ አሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከሳቅኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ስለ ሳፋው ለመሥሪያ ቤት ልጆች ነገርኳቸው። አልቀለዱም። ንፋሱን አስገባነው፤ አሁን ንፋስ ሲነሣ መንገደኛው የያዘው ውሃ ቶሎ ይጎድላል። መንገደኛው ማለት ተጫዋቹ የሚመራው ሰው ነው፤ ንቃቃትን አቋርጦ ባሕር መድረስ አለበት። ተራራውንም እንዳሉኝ በስተ ምዕራብ አስቀመጥኩት። ወንዙ አሁን አባት አለው።

የውሃ አባቱን ግን አለቃዬ አልወደደውም። «ማሳው የደረቀ ሰው ሆኖ መጫወት ማን ይፈልጋል?» አለኝ። ሰይፍ ይፈልጋል። በረሃ ካለ ውሃ የለም፣ ውሃ ከሌለ ጦርነት አለ፣ ጦርነት ካለ ይሸጣል ባይ ነው። እስካሁን ተከራክሬ አቆይቼዋለሁ።

አንድ ነገር ልለምንዎት ነው። መሀል ላይ ነጩ ሜዳ የምንለው ቦታ አለ። ጨዋታውን የሚሞክሩት ልጆች ሁሉ እዚያ ሲደርሱ መንገደኛው ይሞትባቸዋል። ማንም አላለፈውም። አንዲት የውሃ ጉድጓድ ላስገባ? አንዲት ትንሽ ብትሆንም ግድ የለም። ካርታውን አትሜ ልኬልዎታለሁ፤ በእርሳስ ያርሙልኝ።

እትዬ፣ ደግሞ እንዳይቆጡኝ። የመንገደኛውን አካሄድ የሣልኩት እንደ በእውቀቱ አድርጌ ነው። ጀሪካን ሲሸከም የኖረበት ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ፣ ሲሄድ መሬት መሬት የሚያይ። ማንም አያውቅም። ነጩ ሜዳ ላይ በወደቀ ቁጥር ከወንበሬ ተነሥቼ እወጣለሁ፤ እነሱ ሽንት ቤት የሄድኩ ይመስላቸዋል።

ከሎጊያ ወዲህ ድምፁን ሰምታችሁ ከሆነ አትደብቁኝ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

ደብዳቤሽና ካርታው ደርሰውኛል። ንፋስ እንዳያነሣው ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ይዤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቸዋለሁ። በመጀመሪያ የልብሽን ልመልስ፤ የሰማነው የለም። የምሰማውን አልደብቅሽም። ያልሰማሁትን ደግሞ ፈጥሬ አልጽፍልሽም።

ጉድጓዱን አልፈቅድም። ነጩ ሜዳ ከተራራሽ እጅግ ርቋል፣ ወንዙም ሳይደርስበት አሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ከሥሩ የሚሄድ ውሃ የለም። ጉድጓድ ሰው ስለጠማው አይፈልቅም። ማን እንደጠማውም አያውቅም። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ከብዶኛል፤ ግን አንድ ጊዜ ያለ ምክንያት ውሃ ካፈለቅሽ በአገርሽ ያለው ጥም ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ወንዙ ባሕር ሳይደርስ መቅረቱ ካሳዘነሽ፣ የእኛም አዋሽ እንደዚያው ነው። ከደጋ ተነሥቶ ያን ሁሉ አገር አቋርጦ፣ ባሕሩ ሊቀርበው ሲል አፋር ውስጥ ይቀራል። በእውቀቱ ትንሽ ልጅ ሳለ ይህን ሳስተምረው «ማንም አልነገረውም እንዴ?» አለኝ። «ማን ምን ይንገረው?» ብለው፣ «እንደማይደርስ» አለ።

ለአለቃሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ውሃ ሲያጥር ሰው ሰይፍ የሚያነሣው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት የሚጠፋው «ግቡ» የሚለው ቃል ነው። እዚህ አሁን ሰው ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገረው በር ላይ ቆሞ ነው፤ የገባ እንግዳ እጁን ይታጠባላ። በዛች የሰው ኮቴ ስትሰማ ጀሪካኗን በነጠላዋ ትሸፍናለች፣ ከዚያ ጀሪካን መሸፈኗ አሳፍሯት ቀኑን ሙሉ ትቆጣለች። አለቃሽ ጦርነት ከፈለገ ከዚህ ይጀምር፤ ከሀፍረት።

ለንቃቃት ሰዎች ጸሎት ስታዘጋጂ ያለ ውሃ እንዴት ይታጠባሉ ብለሽ ቀደም ሲል ጽፈሽልኝ ነበር። ጀብሪልን ጠየቅሁት። «በአፈር ነዋ መምህርት፣ ተየሙም ይባላል። ውሃ ላጣ ሰው ንጹሕ አፈር ይበቃዋል» አለና መዳፉን መሬት ላይ መታ አድርጎ ፊቱንና እጁን እየዳበሰ አሳየኝ። ከዚያ እጁን እንዳነሣ ቆየ። ልጁ የት ሆኖ በምን አፈር እንደሚሰግድ እያሰበ እንደነበር አወቅሁ፤ አልጠየቅሁትም።

አንድ ሕግ ግን ልሰጥሽ እችላለሁ፤ ለነጩ ሜዳ ባይጠቅምም ለመንደሮቹ ይሆናል። በልጅነቴ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ሁሉ የመንገደኛ ማሰሮ ነበረው። በሩ ላይ፣ ከጥላው ሥር፣ ከነመጠጫው ይቀመጣል። የማን ልጅ ነህ ተብሎ ሳይጠየቅ ይጠጣል። በድርቅ ዓመት ማሰሮው ይጎድላል እንጂ አይነሣም። ባዶ ሆኖ ያገኘ መንገደኛ በሩን አንኳኩቶ መጠየቅ ይችላል፤ ባለቤቷም ከዚያ ወዲያ የለኝም ማለት አትችልም።

ሕጉ ይሠራ እንደሆነ ለማየት እኔም ማሰሮ በሬ ላይ አስቀምጫለሁ። በዛች አይታ አልቻለችም።

«ቀድሞ ለፀሐይ፣ አሁን ደግሞ ለመንገድ? ማን ሊጠጣው ነው?»

«የመጣ።»

«ማን ነው የሚመጣው እትዬ?» አለችኝ። ከዚያ ያለችው ገባትና መጠጫውን አጥባ መለሰችው።

የሻለም


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣

ለፋሲካ ስለማልመጣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። መንገዱ አያስተማምንም አሉኝ፣ ፈቃድም ከለከሉኝ። ጉድጓዱን ትቼዋለሁ። ነጩ ሜዳ እንደ ደረቀ ነው። ማሰሮውን ግን አስገባሁት። አለቃዬ እንኳ ወደደው፤ ተጫዋቾች መንደር ሲደርሱ መጀመሪያ የሚያዩት የማሰሮውን ልክ ሆኗል። ጎድሎ ካዩ መንደሩ እንደተቸገረ ያውቃሉ፣ ብዙዎቹም ሳይጠጡ ያልፋሉ። ያላዘዝናቸውን ነው የሚያደርጉት።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። መንገደኛው ጓደኛ እንዲኖረው አለቃዬ አዘዘ። ነጩ ሜዳ ላይ ጓደኛው ይታመማል። የቀራቸው አንድ ጀሪካን ነው፣ ለሁለት አይበቃም። ተጫዋቹ መምረጥ አለበት፤ ወይ ጀሪካኑን ይዞ መሄድ፣ ወይ ለታመመው ሰጥቶ መቅረት። ለምርጫው ስልኩ ላይ በጣት የሚጫኑ ሁለት ቁልፎች ሣይ ተባልኩ። የመጀመሪያውን ሣልኩ። ሁለተኛውን መሣል አቃተኝ።

እርስዎ ለሁሉም ነገር ሕግ አለዎት። ለዚህ ሕጉ ምንድን ነው? ሌላም ልጠይቅዎ፤ በእውቀቱ ቢሆን ጓደኛውን ትቶ ይሄዳል? ይሄዳል ይበሉኝ እባክዎ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም፣ ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

እንኳን ለትንሣኤው በሰላም አደረሰሽ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር ብል ግማሹ እውነት ይሆናል። ግማሹ ግን እኔ ነኝ፤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

ሕግ አለ ወይ ብለሽኛል። ፈለግሁ፣ የለም። ለኩሬ ሕግ አለ፣ ለማሳ ሕግ አለ፣ በር ላይ ላለ ማሰሮም ሕግ አለ። ሁለት ሰዎች አንድ ጀሪካን ይዘው ሜዳ መሀል ሲቀሩ ግን የሚያከፋፍል ሦስተኛ ሰው የለም። ሕግ የሚኖረው ሦስተኛ ሰው ሲኖር ነው።

በእውቀቱ ትቶ አይሄድም። ይሄዳል በይኝ አልሽ፤ ብልሽ አታምኚኝም። ከቧንቧው የጎረቤቱን ጀሪካን አስቀድሞ እየሞላ የራሱ ተራ ያለፈበት ልጅ ነው። ባዶውን ይዞ ሲመጣ ስቆጣው «ታዲያ የውሃ አባት መጨረሻ አይደል እትዬ?» ይለኝ ነበር። ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

ስለ ሰፈሩ ልንገርሽ፤ የበልጉ ዝናብ አልመጣም። ቧንቧው ከሆሣዕና በፊት ጀምሮ ደርቋል። ጀብሪል ግን ሳልጠይቀው በአህያ ውሃ አስጭኖ ላከልኝ፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ በርሜሉ እስኪሞላ ድረስ ደጋገመ። ኋላ ራሱ ሊያይ መጣ።

«ምን ልሠራበት ነው ይህን ሁሉ?» አልሁት።

«ይኑር መምህርት። ለሚመጣው ነገር ይሆናል።»

«ምን ይመጣል?»

«ዝናብ እስኪመጣ ማለቴ ነው» አለ። ዓይኑን ከበርሜሉ አላነሣም። ሳፋውን አልፎት ወጣ፤ ፀሐያችን ምን ያህል ጠጣች አላለኝም። በሩ ላይ ሲደርስ «አብሽሩ» አለኝ። አዲስ አበባ ከርመሽ ካልረሳሽው አብሽሩ እዚህ ልቡ ለተሰበረ ሰው ነው የሚባል። እኔ ልቤ ተሰበረ አላልሁትም ነበር።

ፋሩቅ ተመልሷል የሚሉ አሉ። ከመንገድ የገባ የሰፈር ልጅ ቤቱ ከመቀመጡ በፊት እኔን ሰላም ሳይል ቀርቶ አያውቅም። እስካሁን አልመጣም፤ አላየሁትም። ያላየሁትን አልጽፍም።

ሁለተኛውን ቁልፍ አትሣይ። አለቃሽ ቢቆጣ እኔ ከልክዬሽ ነው በዪው።

የሻለም


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ፣

ምን ያህል ነው ያመመዎት? ጋሽ ጀብሪል ትናንት ደውለው «መምህርት ትንሽ አመም አድርጓቸዋል፣ ለክፉ አይሰጥም፣ ግን ብትመጪ ደስ ይላቸዋል» አሉኝ። ለምን በደብዳቤዎ አልነገሩኝም? ጉልበትዎ ነው? ልብዎ ነው? እርስዎ ታመው ሳሉ ስለ ጉድጓድና ስለ ቁልፍ ስጨቀጭቅዎ መክረሜ አሳፈረኝ።

ፋሩቅ መጥቶ ከሆነ ስልክ ያንሣልኝ ይበሉልኝ። ስደውል ይጠራል፣ አያነሣም። ጋሽ ጀብሪልን ስለ እሱ ስጠይቃቸው መስመሩ ተቋረጠ። ስደግም አልሠራም።

ሁለተኛውን ቁልፍ አልሣልኩም። አለቃዬ ለሌላ ልጅ ሰጠው። ፈቃዱን ባይሰጡኝም ወጥቻለሁ። የእሱ አውቶቡስ ስለሞላ ይህን ለቢያድግልኝ ሰጥቼ እኔ በደሴ በኩል በሌላ መኪና እከተላለሁ። እስክደርስ ይተኙ፤ አይነሡ። ውሃ እኔ እቀዳለሁ።

ልጅዎ ትህትና


መካነ ሰላም፣ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትህትና፣

ከሰላምታ በፊት ሌላ ወሬ ላርም። አልታመምሁም። መታመሜን የሰማሁት ከአንቺ ደብዳቤ ነው። ቢያድግልኝ ዛሬ ሲሰጠኝ አልቀለደም፤ ፖስታውን በሁለት እጁ አቀብሎኝ እጅ ነሥቶ ሄደ።

ይህን የሚያደርስልሽ ረዳት አያስፈልግም። በመሀላችን ያለው የጀብሪል አጥር ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ሚኒባስ በእሱ በር ቆሞ ሲነሣ ሰማሁ፤ ለስልክ የማይሆነው ጆሮዬ ለዚህ ሆነ። ወደ እኔ እንዳላመጡሽ ገባኝ። ጥቂት ቆይቶ አንድ ድምፅ መጣ፣ ወዲያውም በእጅ እንደተከደነ ቆመ። ያንን ድምፅ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። አልሳሳትም።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ፤ ለብዙ ቤት ሄጃለሁ። ፊቴ ስለማይለወጥ ሰው ሁሉ እኔን ነበር የሚያስቀድመው። ርቆ ያለው ዘመድ ሌላ ሰው ታመመ ተብሎ ይጠራል። ጤነኛ ሰው ታመመ ከተባለ የሞተ አለ ማለት ነው። ዘመዱ ሲደርስ ጎረቤት ቤት ይገባል፣ ለእሱ ይነገራል፣ ከዚያ ሲነጋ ሁሉም አብረው ወደ ትልቁ ሰው ቤት ይሄዳሉ። ከዚያ በፊት ማንም አይናገርም፤ ውሃና ወንበር ግን ቀስ እያለ ይሰበሰባል።

ውሃውን አልጠረጠርሁም። በዕድሜዬ ሙሉ ሳርም የኖርሁ ሴት ደግነት ነው ብዬ አመሰገንሁት። ደግነትም ነበር። በዚህ ድርቅ ለቅሶ የሚመጣው ሰው ፊቱን የሚታጠብበት እንዳያጣ በአህያ እያስጫነ ወደ እኔ በርሜል ሲገለብጥ ከረመ። ጀብሪል ልጁ ተመልሶለት መደሰት አልቻለም፣ ለእኔ ነግሮኝ ማልቀስም አልቻለም። ትህትና እስክትመጣ ተብሎ ሁሉም ጠበቀ። እነሱ እኔ አላወቅሁም ብለው ይጠብቃሉ፣ እኔ እነሱ እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ። ከደብዳቤሽ በኋላ ተነሥቼ እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ፋሩቅን ልጠይቀው። ማሰሮው አጠገብ ቆሜ ተመለስሁ። ብጠይቀው ይነግረኛል፤ አንቺም ሳትደርሺ ብቻዬን እሰማዋለሁ። ደግሞም ካልተነገረ አይለቀስምና፣ በዚህ ቤት በእውቀቱ አንድ ሌሊት ይቆይልኝ ብዬ ነው።

ተቀምጬ ማደር ስላልቻልሁ ካርታሽን አወጣሁ። ከነጩ ሜዳ በስተ ምሥራቅ አንድ ተራራ ጨመርሁ። ከባሕር የሚመጣውን ንፋስ ያቆመዋል። ዝናቡ በባሕሩ ጎን ብቻ እንዳይቀር ጫፉን ዝቅ አድርጌ ወደ ሰሜን አጠፍሁት። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ገብቶ በሜዳው ሥር ያልፋል፤ አፈሩ ጨው ስለሆነ ጉድጓዱን ከጨዋማው ወለል አርቄ ወደ ተራራው እግር አስጠጋሁት። ደግሜ አይቸዋለሁ፣ ስሕተት የለውም። ጉድጓዱን አስገቢው። ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለመረጠም ላልመረጠም። አለቃሽ የሰጠው ልጅ ቁልፉን ሥሎት ከሆነም ይቆይ፣ የሚጫነው አይኖርም።

ጉድጓድ ሰው ስለጠማው አይፈልቅም ብዬሽ ነበር። አሁንም አይፈልቅም። ተራራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ በዚያ አገር ይቻለኛል።

ነገ መጀመሪያ የማደርገውን ልጻፍልሽ፣ ሲያመጡሽ እንዳትፈሪልኝ። ጀብሪል በብርድ ቆሞ እንዳያንኳኳ ጎህ ሳይቀድ የግቢውን በር ከፍቼ አቆያለሁ። ሳፋውን ከግቢው መካከል አነሣለሁ፤ ሰው ይቆምበታል። ውሃውን ለማንም አልደፋውም፣ እግራቸውን ይታጠቡበታል። ነጠላዬን እንደወትሮው እለብሳለሁ፤ ሳይነግሩኝ አላዘቀዝቀውም። ሽማግሌዎቹ ሲናገሩ አላቋርጣቸውም፣ ቢሳሳቱም አላርማቸውም። አንቺን ከፊታቸው አይቼ እንደታመመ ሰው እጄን እሰጥሻለሁ፣ ልፋታቸው ከንቱ እንዳይሆን።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ማሰሮውን አጥቤ ከጀብሪል ውሃ እሞላዋለሁ። ፋሩቅ ከአባቱ ኋላ፣ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ላይ ይቆማል፤ ለመግባት ያፍራል። የመጀመሪያውን መጠጫ ለእሱ እሰጠዋለሁ። ከመንገድ የመጣው እሱ ነው።

የሻለም